ከጨርጨር ደን እስከ ታጁራ ባሕር

በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. ከምዕራብ አፍሪካ አንድ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ተሰማ። ሴራሊዮን ጎላ የተባለው ታላቁ የዝናብ ደኗና በሞአ ወንዝ መካከል ያለችው የቲዋይ ደሴት በዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡላት፤ ለዚያች አገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ቲዋይ የሚሄድ መንገደኛ በጀልባ ተሻግሮ፣ በደሴቲቱ አድሮ፣ የጦጣና የጉሬዛ ጫጫታ ሰምቶ ይመለሳል። በጋናም ካኩም በተባለው ደን ውስጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ የተዘረጋ ወደ 350 ሜትር የሚጠጋ የገመድ ድልድይ አለ። ከሩቅ አገር የመጡ አባትና እናት ልጆቻቸውን አስከትለው በዛፎቹ አናት ላይ ይሄዱበታል፤ በዚያው ቀን ደግሞ ወደ ኬፕ ኮስት ወርደው እግራቸውን ባሕር ውስጥ ይነክራሉ።

ይህን ስናነብ በመጀመሪያ የተሰማን ቅናት ነው፤ አንደብቀውም። ቀጥሎ የመጣው ግን ጥያቄ ነበር። ደኑና ባሕሩ በአንድ መንገድ ላይ የሚገኙበት ጉዞ በእኛ አቅራቢያ የለምን? መልሱ አለ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ከጨርጨር ተራሮች ሥር ተቀምጣለች፤ ከእርሷ ብዙም ሳይርቅ በቆላው በሚኤሶ በኩል የምድር ባቡሩ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሐረር የሚጓዘው ወጣት መኰንን ጭሮን የሚያውቃት ምሳ የሚበላባት ከተማ አድርጎ ነው። ተማሪውም ቢሆን ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ካልደረሰው በቀር ከአውቶቡሱ መስኮት አልፎ አያያትም።

ጨርጨር የጀብዱ መንገድ መሆኑ ግን ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ፣ በዚያው ዓመት፣ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ከእንጦጦ ተነሥቶ ከዡል ቦረሊ ጋራ በኢቱ አገር በኩል ወደ ሐረር ተጓዘ። ለንጉሡ ጠመንጃ ሸጦ መመለሱ ነበር። ያለፈባቸውን ቦታዎች በደብዳቤ ዘርዝሮ ሲጽፍ ገለምሶንና ሂርናን ጠቅሷቸዋል። በእነዚህ ቦታዎች ዛሬ በመኪና የሚያልፍ ሰው የዚያን ጊዜውን መንገደኛ ፈለግ እየረገጠ መሆኑን አያውቅም፤ በስፍራው የሚነግረው ጽሑፍም የለም። ከጣሊያን ወረራ በፊትም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው፣ ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አውራጃው ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን ብዙ ደክመዋል። «ፋቡላ» የተባለው ቴአትር ደራሲም እርሳቸው መሆናቸውን ልጆች ቢሰሙ ከተማይቱን በሌላ ዓይን ያዩአታል ብለን እናምናለን።

ደኑን በተመለከተ ግን አንባቢን ማሳሳት አይገባንም። የጨርጨር ደን እንደ ጎላ ወይም እንደ ከፋና እንደ ሸካ ዝናብ የማይለየው ጥቅጥቅ ጫካ አይደለም። የጽድ፣ የዝግባ፣ የወይራና የኮሶ ደን ነው፤ የደጋ ደን። በክረምት ጉም ይሸፍነዋል፤ በበጋ ይደርቃል። ከእርሱ በታች በገለምሶና በበዴሳ በኩል በጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅለው ቡና በዓለም ገበያ የሐረር ቡና ተብሎ የሚታወቀው ነው። ስለዚህ የምንጋብዘው ወደ ምድረ በዳ ጫካ ሳይሆን ሰው ከደን ጋራ ተጠጋግቶ ወደሚኖርበት አገር ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል።

ከጭሮ በስተደቡብ በቁኒ በኩል የቁኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ ይገኛል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም የለም። የሳይንስ ሰዎች ያወቁትም ከታላላቆቹ የአፍሪካ አጋዘኖች ሁሉ በመጨረሻ ነው፤ ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በ1900 ዓ.ም. ገድሎ የወሰደውን መርምረው በ1902 ዓ.ም. ስም አወጡለት። መጠለያው የተቋቋመው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ስፋቱ ወደ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ብዙ ሳይቆይ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ እንደ ሌሎቹ የአራዊት ስፍራዎች ሁሉ ጠባቂ አጣ፤ ዛፉ ተቈረጠ፤ መሬቱ ታረሰ፤ አውሬው ታደነ። አጋዘኑም ተመናመነ። በስሙ የተሰየመ መጠለያ ውስጥ እርሱን ማየት የዕድል ነገር ሆነ ማለት ነው። በአንጻሩ የዚሁ አጋዘን ዋና መኖሪያ የሆነው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ለባሌ ደስ ብሎናል። የጨርጨሩ ግን የባሌው ታናሽ ወንድም ሆኖ ሳለ የሚጠይቀው ዘመድ ያጣ ይመስላል።

እኛም አንድ ጊዜ በጥቅምት ወር ሁለት ልጆች ይዘን ወደዚያው ወጥተን ነበር። ከሚኤሶ እስከ ጭሮ ያለው ዳገት ጠመዝማዛ ስለ ሆነ ታናሽየዋ ሁለት ጊዜ አስታወከች፤ ታላቅዮው በእርሷ ላይ ሲስቅ ቆይቶ በሦስተኛው ኩርባ ተራው ደረሰው። ያደርንበት ቤት ውኃ አልነበረውም። በማግስቱ ከቁኒ አንድ የሰፈሩ ወጣት መንገድ ሊመራን ተስማማ፤ ልጆቹም «ጋሼ» እያሉት ከኋላው ተከተሉት። ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን። አጋዘን አላየንም። አንዲት ድኩላ ግን ከቁጥቋጦው ብር ብላ ስትወጣ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ለአንባቢ ልንነግረው የምንፈልገው። ወጣቱ ከአንድ ጽድ ጉቶ ላይ ተቀምጦ፣ እስከዚህ ድረስ የመጣ ባለ ቤተሰብ ብዙም አለማየቱን፣ ለዚህ ሥራም ስንት መጠየቅ እንዳለበት አለማወቁን ነገረን። ዋጋ የሌለው ሥራ ነበር። እዚያው ከተቀመጥንበት ጉብታ ቁልቁል ሲታይ ደኑ ያለቀበት ወሰንና የጫቱ ማሳ የተጀመረበት ድንበር እንደ መቀስ ቁርጥ ለይቶ ይታይ ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩን በጥሞና መመርመር ያስፈልጋል። በከተማ የምንኖር ሰዎች ደን ሲጠፋ ገበሬውን መውቀስ ይቀናናል። ገበሬው ግን ሒሳብ ያውቃል። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይለቀማል፤ ገዢው እስከ ማሳው ድረስ ይመጣል፤ ገንዘቡም በዚያው ዕለት በእጅ ይገባል። በአዋሽና በሚኤሶ መካከል በመንገዱ ዳርና ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከሰልም እንዲሁ ዕለቱን ይሸጣል። የቆመ ጽድ ግን ለቆመበት ዘመን ሁሉ ለጎረቤቱ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። እንግዲህ ጥያቄው ገበሬው ደን ይወዳል ወይስ አይወድም የሚል አይደለም፤ የቆመው ዛፍ ከተቈረጠው ዛፍ ይልቅ የሚያበላበት መንገድ አለ ወይ የሚል ነው።

መንገዱ እንዳለ ያየነው በውጭ አገር ብቻ አይደለም። በባሌና በአርሲ ወሰን በአዳባና በዶዶላ በ1980ዎቹ መጨረሻ በጀርመን እርዳታ የተጀመረ አንድ ሥራ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በደኑ ውስጥ የሚኖሩት አባወራዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም በኦሮምኛ ስሙ አኅጽሮት ዋጂብ ተባለ። ለአንድ አባወራ 12 ሔክታር ያህል ደን እንዲደርስ ተቈጥሮ፣ ለእያንዳንዱ የደን ክፍል የነዋሪው ቁጥር ተወሰነ። አዲስ ሰው ገብቶ እንዳይመነጥር የሚከለክሉት ራሳቸው ነዋሪዎቹ ሆኑ። ከዚህም ጋራ በየተራራው ማደሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ ፈረስ አከራዩ፣ መንገድ መሪው፣ ቤት ጠባቂው በተራ እየሠራ ከእንግዳው የሚከፈለውን ገንዘብ በቀጥታ ተቀበለ። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ሆኖም ቀላል የሆነው ነገር ሁሉ በራሱ አይሠራም። የማኅበር ሒሳብ የሚይዝ፣ የማደሪያ ዋጋ የሚለጥፍ፣ ጠብ ሲነሣ የሚዳኝ የወረዳ ሹም ያስፈልገዋል። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ወጣቶች መካከል አንዳንዶቹ ነገ ይህ ሹም እንደሚሆኑ እናውቃለን፤ ስለዚህም ነው የምናስረዝመው።

በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» በሚል ስም ወንጪ፣ ጎርጎራና ኮይሻ ተመርጠው ታላላቅ የመዝናኛ ሥራዎች ተጀመሩ። ከነዚህ ከሦስቱ ውስጥ ጨርጨር አልነበረም። እኛ ግን ለቁኒ የምንመኘው ታላቅ ሆቴል አይደለም። ታላቅ ሆቴል የሚያስፈልገው ብዙ ውኃና ብዙ ባለገንዘብ እንግዳ ነው፤ ጨርጨር ሁለቱም አልተረፈውም። ንጹሕ አልጋ ያላቸው አራት አምስት ጎጆዎች፣ ፈረስ፣ የታወቀ ዋጋ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ሰሌዳ ቢኖር ለመጀመሪያ ይበቃል። እንግዳውም ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም። በአዲስ አበባ፣ በአዳማና በድሬዳዋ ደመወዝተኛ የሆነው ቤተሰብ ቁጥሩ ትንሽ አይደለም፤ ዕረፍቱን የሚያሳልፈው ግን ወይ በዘመድ ሠርግ ነው፣ ወይ ሐይቅ ዳር ጥብስ በመብላት ነው። (ጥብሱን አንጠላም፤ ልጆች ግን ከሐይቁ ይልቅ ስልካቸውን ሲያዩ እንደሚውሉ የታወቀ ነው።)

የጨርጨር ሀብት ደግሞ አጋዘንና ጽድ ብቻ አይደለም። ከገለምሶ ወደ ደቡብ አልፎ በመቻራ ዙሪያ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የተቦረቦሩ ብዙ ዋሻዎች አሉ፤ አቸሬና አይናጌ ከታወቁት ናቸው። በነዚህ ዋሻዎች ውስጥ ከጣሪያው በሚንጠባጠበው ውኃ የተሠሩ የድንጋይ ዓምዶች ይታያሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ አስፋወሰን አሥራትና ከእንግሊዝ የመጡ ባልደረቦቻቸው እነዚህን ዓምዶች ቈርጠው ሲመረምሩ እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ የተነባበሩ ቀጫጭን ንጣፎች አገኙባቸው። ከንጣፎቹም የጥንቱን ዘመን የዝናብ ሁኔታ ማንበብ ተቻለ። ሰው ሳይጽፈው ዋሻው የጻፈው የዝናብ መዝገብ ነው እንበል። አንድ ልጅ ይህን በዓይኑ አይቶ ቢመለስ የጂኦግራፊ መምህሩ ብዙ ድካም ይቀርለት ነበር። ግን ጠባቂና መሪ በሌለበት ወደ ዋሻ መግባት አደገኛ ነው፤ እንግዳ ለማስታወሻ ብሎ የሚሰብረውም ዓምድ በሰው ዕድሜ ተመልሶ አይበቅልም።

በበዴሳ አጠገብ የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ማዕከል የነበረው ኦዳ ቡልቱም አለ። ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ስለ ገባ፣ ልጆች ስለ ሕግና ስለ ሥልጣን መተላለፍ ከሾላው ሥር ሆነው ቢማሩ መልካም ነው። በቆላው በኩል ደግሞ የአሰቦት ተራራ ከነገዳሙ ብቻውን ቆሟል። አቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ የመሠረቱት ይህ ገዳም ደኑን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆ ኖሯል። በ2004 ዓ.ም. ደኑ በእሳት ሲያያዝ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ምእመናን በአውቶቡስ ተጭነው ሊያጠፉ መጡ። ይህ ለእኛ ትልቅ ምስክር ነው፤ ሰው የእኔ ነው ላለው ደን ከ300 ኪሎ ሜትር ርቀት እንኳ ይመጣል።

አሁን ወደ ባሕሩ እንውረድ። የቀድሞው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ፣ የሚኤሶንና የአሰቦትን ጣቢያዎች ለአገሩ ሰው የዓለም በር አድርጓቸው ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኤሶ በዚህኛውም ታሪክ ስፍራ አላት፤ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ሌላ የቻይና ኩባንያ ሠርቶ ሐዲዱን ያገጣጠሙት እዚያ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ አገር ወደ ባሕሩ አዘውትሮ የሚጓዘው ሰው ሳይሆን ጫት ነው። ከሐረርጌ ደጋ የተለቀመው ቅጠል ሳይጠወልግ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ቅጠሉን የለቀመችው እናትና ልጆቿ ግን ባሕር የሚባለውን ነገር በሥዕል ብቻ ያውቁታል።

ባሕሩ ዳር የሚጠብቀው ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደንቀው፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜን በጎዳ ተራሮች ላይ ደይ የሚባል የጽድ ደን መኖሩ ነው። በዚያ ሁሉ በረሃ መካከል የጨርጨር ጽድ ወንድም ቆሞ ይገኛል! ግን አብዛኛው ደርቋል፤ ከብት ግጦታል፣ ዝናብም ከድቶታል። ከጅቡቲ በቀር በየትም የማይገኝ አንድ የቆቅ ዘር በዚያ ደን ተጠግቶ ለመጥፋት ተቃርቧል። ቁኒን አይቶ ወደ ደይ የወጣ ሰው፣ ጥበቃ ያጣ የጽድ ደን መጨረሻው ምን እንደሚመስል በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ምዕራፍ አንብቦ ይመለሳል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለው የአሳል የጨው ሐይቅም ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ በአፍሪካ ከእርሱ የሚጠልቅ መሬት የለም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ ከዓሣ ሁሉ የሚበልጠው ታላቁ ሻርክ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል። የሚመጡት አብዛኛዎቹ ገና ያላደጉ ናቸው። ስሙ ሻርክ ይሁን እንጂ የሚመገበው በውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕይወቶችን ስለ ሆነ ሰውን አይነካም፤ እንዲያውም ሰው ነው በጀልባ ሞተር የሚያቆስለው።

አደጋውን ሳንናገር ብናልፍ ግን ለባለ ቤተሰብ ታማኝ አንሆንም። ባሕሩን በበጋችን እንጂ በክረምታችን ወራት ማሰብ አይገባም፤ በዚያ ወቅት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ወባ ሁለተኛው ነው። ከእስያ የመጣና በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባ አንድ የወባ ትንኝ በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ነው። ወደ እኛም ተሻግሮ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ በበጋ ሳይቀር ወባ እንዲነሣ ምክንያት ሆኗል። ስለዚህ ወባ የገጠር በሽታ ነው ብሎ በከተማ ሆቴል ያለ አጎበር ልጅ ማስተኛት የድሮ ትምህርት ነው። ሦስተኛው የመንገዱ ጸጥታ ነው። በ2009ና በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ በተደጋጋሚ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ስፍራቸውን ለቀዋል። ጀብዱ ማለት እነዚህን አለማወቅ አይደለም። ከመነሣቱ በፊት ለሚያውቁት የአገሩ ሰው ስልክ የሚደውልና «ቆዩ» ሲባል የሚቆይ አባት ፈሪ ተብሎ አይናቅም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። እንዲህ ያለ ጉዞ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ አባትየው ያቅዳል፤ እናትየዋ ስንቁን፣ ልብሱን፣ መድኃኒቱን ትሸከማለች፤ ስለዚህ ለእርሷ ዕረፍቱ ዕረፍት አይሆንላትም። በእኛም ጉዞ ይኸው ሆኖ፣ በሁለተኛው ቀን «እናንተ ደኑን አያችሁ፤ እኔ ያየሁት ምድጃውን ነው» ተብለን ተገሥጸናል። ከዚያ ወዲህ ምግብ ከሰፈሩ ቤት በገንዘብ እንዲዘጋጅ አደረግን። ቤቱም ገንዘብ አገኘ፤ እርሷም ሽቅብ ወጣች። ልጆቹም በአንዲት የቁኒ ባልቴት ቤት ትኩስ ገንፎ በቅቤ ሲበሉ፣ ስማቸውን በኦሮምኛ ሲጠየቁና ሲመልሱ፣ በከተማ አንድ ዓመት ሙሉ ከተማሩት የበለጠ ቃላት ይዘው ወጡ።

ወደ ጅቡቲ ለመሄድ ለእያንዳንዱ ልጅ ሳይቀር ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ባቡሩ የሚነሣበትንና የሚቆምበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ከጣቢያው መጠየቅ ይገባል። ገንዘቡ ወይም ጊዜው የማይበቃው ግን ባሕሩን ለሌላ ዓመት አሳድሮ በጨርጨር ቢቆይ የሚጎድልበት ነገር የለም። ከመስቀል በኋላ መንገዱ ይደርቃል፤ በጥቅምትና በኅዳር በገለምሶ በኩል ቡና ይለቀማል። ያ ወጣት መንገድ መሪ ስንለያይ በሚመጣው ጥቅምት ሌላ ሰው ትልኩልኛላችሁ ወይ ብሎ ጠይቆን ነበር። ለዋጋው ምን እንደሚል ተስማምተን፣ በታናሽየዋ ደብተር ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፈን ገጹን ቀደን ሰጥተነዋል።